የሀሚዳ ፍሪጅ

ኅዳር 7 ቀን 2002

ባሌ ቶሌሳ ዛሬም ሄደ። ፊቱን ሳይታጠብ ጋቢውን ደርቦ፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ግቢውን አቋረጠና ጎረቤታችን ሀሚዳ ቤት ገባ። ማታም ይሄዳል። የስኳር መድኃኒቱ እዚያ ነዋ! ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ እኛ ቤት ደግሞ ፍሪጅ የለም። ሀሚዳ ለስላሳና ውሃ እያቀዘቀዘች ደጃፏ ላይ ስለምትሸጥ አላት፤ ልጇ ፋይዛ ከጅዳ ልካ ያስገዛቻት ነው። እሷም እንደ ቶሌሳ የስኳር ሕመምተኛ ናት። የሱ ብልቃጥና የሷ ብልቃጥ ጎን ለጎን አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ብልቃጡን አንስቶ ለመምጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እሱ ግን እዚያው ተወግቶ፣ እዚያው ስኳር የሌለው ሻይ ጠጥቶ፣ አውርቶ ነው የሚመለሰው። ያንኑ ሻይ እኔ ስሰጠው "ይሄ ብርጭቆ የታጠበበት ውሃ ነው" ይለኛል።

ፍርድ ቤት ውስጥ በጽሕፈት መኪና ስንት የፍቺ ፋይል ጽፌ ጡረታ ወጣሁ። ሁሉም የጀመረው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነበር። አሁን የሰው ፋይል የለኝም። የራሴን፣ የእንዳለችን፣ ልክፈት ብዬ ነው ይህን ደብተር የገዛሁት።

ኅዳር 12

ቸኩያለሁ። የቀበሌ ሰዎች መጥተው ነበር። ሰፈሩ ይፈርሳል፣ ከፋሲካ በፊት ትለቃላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ይደርሳችኋል አሉ። ጎረቤቴ ወርቄ አለቀሰች። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ የሀሚዳ ፍሪጅ ነው። እንግዲህ ሩቅ ይሄዳል ብዬ።

ኅዳር 18

አረፋ ነው። ቶሌሳ ሀሚዳን እንኳን አደረሰሽ ሊላት ኮቱን አውጥቶ ለበሰ። ቁልፉን አዛንፎ ነው የቆለፈው፤ አንዱ ጎን ወደ ላይ ተሰቅሏል። ዕድሜ ልኩን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው! ሐሳቡ የት እንዳለ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልገኝም። አላስተካከልኩለትም። እንዲሁ ትየው ብዬ ነው።

ሲመለስ ኮቱ ተስተካክሏል።

"ማን ቆለፈልህ?" አልኩት።

"ራሴ ነኛ፣ ማን ይቆልፍልኛል?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ምሳው አልበላልኝ አለ። ልጅ ሆኜ ከዘመድ ጋር ወደ ስፌት ሱቁ የሄድኩ ቀን ትዝ አለኝ። ሜትር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ግን አላነሳውም። አንዴ ቀና ብሎ አየኝና "በቃ፣ ሳምንት ነይ" አለኝ። ሳይለካኝ የሰፋው ቀሚስ ልክክ አለ። ለሰው ሁሉ ስናገረው ኖሬያለሁ፤ እሱም ባወራሁት ቁጥር ደስ ይለዋል። ማለት ደስ ይለው ነበር። ባለፈው እሑድ ለወርቄ ሳወራላት ተነስቶ ወጣ።

ዛሬ ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሜ ፀጉሬን በአዲስ ሻሽ ብጠመጥም ምንም አላለኝም። ያየኝም አይመስለኝ።

ኅዳር 26

እንደምንም ልጻፈው።

ጨው አልቆብኝ ሀሚዳ ቤት ልበደር ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ባሌ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቋል፣ ካልሲውንም። ሀሚዳ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ የእጅ ባትሪ እያበራች በእግሩ ጣቶች መካከል ታያለች። አልነካችውም። እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ አልነካችውም። ግን የኔ ባል እግር ነው!

"እትዬ እንዳለች፣ ግቢ እንጂ" አለች ሳትደነግጥ። "ሐኪሙ እግራችሁን በየቀኑ እዩ ብሎናል። ስኳር ያለበት ሰው ቢቆስል አይሰማውም።"

"የራሱ ዓይን የለውም?" አልኳት።

ሀሚዳ ባትሪውን አጠፋች፤ እሱ ካልሲውን አነሳ። ጨዉን ሳልበደር ተመለስኩ። ወጡ አልጫ ሆነ፤ እሱም ጨው ጎድሎታል ሳይል በላው።

ታኅሣሥ 1

ልደታን ተሳልሜ መጣሁ። ለጸሎት ቆሜ ስለ ሀሚዳ ነው ያሰብኩት። እመቤቴን የለመንኳትን እዚህ አልጽፈውም።

ውሃ ስንቀዳ ወርቄ "ሁለቱ ስኳሮች ምን አሉ?" ብላ ሳቀች። ለቀልድ ነው። ግን ወርቄ ከቀለደች ግቢው ሁሉ ቀልዷል ማለት ነው።

ታኅሣሥ 6

ሞኝነት ሠራሁ። ለማንም አልናገረውም።

እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። "ስንት ወጣልዎት?" "መቶ ሰማንያ።" "ማታ ምን በሉ?" ረቡዕ ረቡዕ አብረው ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፤ አብረው ወረፋ ይይዛሉ፤ አንድ ብርቱካን ለሁለት ይካፈላሉ። አንዱን ላብ ላብ ካለው ሌላው ያውቃል። እኔ መሃላቸው ስቀመጥ እንግዳ ነኝ። ጤና መሆን እንዲህ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣ ነገር ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ዛሬ ሀሚዳን "እስቲ እኔንም ለኪኝ" አልኳት። ጣቴን ወጋችና ደሙን ከመለኪያው አስነካችው። እንዲኖርብኝ ፈልጌ ነበር። ትንሽ ብቻ፤ ረቡዕ ረቡዕ አብሬያቸው እስክሄድ ድረስ።

"ዘጠና አራት። ማሻአላህ! እትዬ፣ ገና እንደ ልጃገረድ ነሽ" አለችኝ።

እንዴት እንዳናደደችኝ።

ታኅሣሥ 15

ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። ጎረቤት መለያየት ያልፈለገ ሁለት ሁለት ሆኖ ይመዝገብ፣ ዕጣው አንድ ላይ ይወጣለታል፣ አንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ይሆናል ተባለ። ምዝገባው እስከ ጥር መጨረሻ ነው። እኔ ወርቄን አየኋት፤ እሷም እኔን። ያለቀለት ነገር ነው ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ራት ላይ ቶሌሳ "ከሀሚዳ ጋር ብንመዘገብ ይሻላል" አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

"ለምን?"

"ለመድኃኒቱ።"

"ለመድኃኒቱ ብለን ጎጆ እንቀልስላት እንዴ?" አልኩት። ሻይ ሊቀዳ ተነሳና ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። የሱ ልብ አንድ ቦታ፣ እጁ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ታኅሣሥ 17

ሰማሁ። በጆሮዬ ሰማሁ።

የሀሚዳን ቤትና ግቢው ማዶ ያለውን የኛን ማድ ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ድስት እያጠብኩ ነበር።

"ጋሽ ቶሌሳ፣ ይንገሯት እንጂ። ወላሂ እኔ ከዚህ በላይ መደበቅ አልችልም፤ ዓይኗን ማየት እያፈርኩ ነው።"

"ዕጣው ይውጣና እነግራታለሁ።"

"ራሷ ብትደርስበትስ?"

"ያኔ ያልቅልኛል።"

ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ማስረጃ ያለው ፋይል ጽፌ አላውቅም። ሰውየው ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው! ምን ሊሆን ነው? እሱ ሊሰልም ነው ወይስ እሷ ልትጠመቅ? ግንባሯ ላይ ያለው ሽበት ከኔ ይበልጣል። ውበት የላትም። ደግ ናት፤ እሱን አልክድም። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ፤ ክፉ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ።

ታኅሣሥ 23

ዕቁቡ ደረሰኝ። ለአዲሱ ቤት ዕቃ መግዣ ያሰብኩት ነበር። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሄጄ ፍሪጅ ገዛሁበት። ነጭ ነው፤ ከሀሚዳው ይበልጣል። ሁለት ልጆች ተሸክመው ግቢው መሃል ሲያልፉ ሆን ብዬ "ቀስ፣ ቀስ!" እያልኩ ጮህኩ።

ሀሚዳ ወጥታ አየችና እልል አለች። ከልቧ ነው። በጥፊ የመታችኝ ያህል ተሰማኝ።

ሄጄ የቶሌሳን ብልቃጥ ከመደርደሪያዋ አንስቼ አመጣሁ። ብቻውን አስቀመጥኩት።

ታኅሣሥ 29

ገና ነው። ልጃችን ለሊሴ ከአዳማ መጥታለች። ዶሮው ጥሩ ወጣ። ቶሌሳ ጭልፋ ታህል ቀምሶ ተወው።

ከዚያስ? ከዚያማ ከፍሪጄ ብልቃጡን አወጣ፣ ጋቢው ውስጥ ሸጎጠው፣ ግቢውን አቋርጦ ሀሚዳ ቤት ገባ! መድኃኒቱ እቤቱ እያለ! ለሊሴ "ልማድ ነው እማዬ፣ እዚያ መወጋት ለምዶ ነው" አለችኝ። ልጅ ስለሆነች አይገባትም። ፍሪጁን በከንቱ ገዛሁት፤ ለካስ ነገሩ የፍሪጅ አልነበረም።

ቀስ ብላ ደግሞ "አባዬ ስገባ አላወቀኝም፤ ካወራሁ በኋላ ነው የሳመኝ" አለችኝ። ማንን ያውቃል? አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው አልኳት።

ጥር 4

ተጣላን። እዚያ ቤት እግርህ ከገባ እኔ አዳማ ልጄ ጋ እሄዳለሁ አልኩት። ፎክሬ አይደለም፣ ሻንጣዬን አውርጃለሁ። ደግሞም ነገ ከወርቄ ጋር እንመዘገባለን አልኩት።

ጋቢውን ሳብ አድርጎ ተከናነበ። ከዚያ "እሺ፣ እዚሁ እወጋለሁ" አለ። ድምፁ የሱ አልመሰለኝም። ማሸነፍ እንዲህ ከሆነ ምኑ ደስ ይላል?

ጥር 5

እቤት ተወጋ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ መስኮቱ ሥር ቆሞ፣ መርፌውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ። ላግዝህ ስለው ተቆጣ። ወደ ሀሚዳ አልሄደም። አልመዘገብኩም እንጂ ቀኔ ጥሩ ነበር። ወርቄ ወደ ገጠር ሄዳ ነው፤ ስትመለስ እንመዘገባለን።

ጥር 8

አሁንም እቤት። ተመስገን። ሀሚዳ በር ላይ አግኝታኝ "ጋሽ ቶሌሳ ደኅና ናቸው? መድኃኒቱን ማን ይስብላቸዋል?" አለችኝ። "የራሱ እጅ አለው" ብያት አለፍኩ።

ጥር 9

ከሐኪም ቤት ነው የምጽፈው። ተርፏል። ተርፏል።

ጥር 10

ከተራ ነው። ታቦታቱ ሲወርዱ ጭብጨባው እስከዚህ ይሰማል። እሱ ተኝቷል። ሁሉንም ልጽፈው ነው፤ የራሴንም ጭምር።

ትናንት ጠዋት ተወጋ። ከሰሞኑ ኩርፊያ አልወጣንምና ቁርስ ሳይቀምስ ተቀመጠ። እኔም አልለመንኩትም። ትንሽ ቆይቶ ላብ አጠመቀው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ምን ሆንክ ስለው አፉ ተያያዘ። ከዚያ "ሀሚዳ" አለ። "ሀሚዳን ጥሪልኝ።"

እኔ ፊቱ ቆሜ! እኔን እያየ!

አልጠራኋትም። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ትንሽ ይሁን ብዙ። የሱ ጋቢ በላብ ሲረጥብ እያየሁ ተቀምጬ ነበር። ሁለተኛ "ሀሚዳ" ሲል ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ። ያኔ ነው ብድግ ብዬ የጮህኩት። ማንን እንደጠራሁ አላስታውስም፤ እሷ ግን መጣች። ለስላሳ ጠርሙስ ይዛ፣ ጫማ ሳታደርግ።

ደረቷ ላይ ደግፋ በትንሽ በትንሹ አጠጣችው። "ይዋጡ ጋሽ ቶሌሳ፣ ይዋጡ" ትላለች። ላቡ ቆመ። ዓይኑን ገለጠ። ሀሚዳ ከመስኮቱ ሥር ባዶውን መርፌ አነሳችና "ስንት መስመር ድረስ ሳቡት?" አለችው።

"እንደ ወትሮው መስሎኝ ነበር" አለ።

ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

"እትዬ እንዳለች፣ ባልሽ የመርፌውን መስመር ማየት ካቆመ ቆየ፤ አብዝቶ ስቦ ነው ስኳሩ የወደቀበት። ከመስከረም ጀምሮ የምስብለት እኔ ነኝ። አንቺ እንዳትሰሚ አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩት። አላህ ይፍረድብኝ፣ ዝም ማለት አልነበረብኝም።"

ግድግዳ እየዳበሰ የሚሄደው። ቁልፉ። ሻዩ። የእግሩ ጣቶች። ሻሼ። አንድ በአንድ መጣብኝ። ሁሉንም ጽፌዋለሁ እኮ! በገዛ እጄ፣ በቀኑ በቀኑ ጽፌዋለሁ።

ማታ ብቻችንን ስንሆን ለምን ለሷ ነግረህ ከኔ ደበቅክ አልኩት። አሁንም ያቃጠለኝ ያ ነበር፤ አልዋሽም። ሊሞትብኝ ሲል እንኳ ያቃጠለኝ ያ ነበር።

"አንቺ የወደድሽው ዓይኔን ነው" አለኝ። "ሳይለካኝ ሰፋልኝ እያልሽ ለአገር ስታወሪ ኖረሻል። እሱን አጥቼ ምን ይዤ ልምጣ?"

ጥር 14

የዓይን ሐኪሙ አየው። ስኳሩ ነው የዓይኑን ውስጥ የጎዳው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ስኳሩ ከተስተካከለ ማቆየት ይቻላል አለ። የፊት መልክ በጥላ በጥላው ይታየዋል። "የኔስ?" አልኩት። "ሻሽሽ ቀይ ነው" አለኝ። ሻሼ አረንጓዴ ነው። አዎ፣ ቀይ ነው አልኩት።

ጥር 18

ሲስተሯ መርፌ አያያዝ እያስተማረችኝ ነው። ብርቱካን ላይ እወጋለሁ። ጽሕፈት መኪና የለመደ እጅ ስለሆነ አልፈራም፤ እሱን ሳስብ ግን ሌላ ብርቱካን አነሳለሁ። ሀሚዳ አጠገቤ ተቀምጣ "አረፋውን አስወጪው፣ አዎ፣ አሁን መስመሩን አንብቢ" ትለኛለች። የወጋሁትን ብርቱካን ብዛት እሷም አታውቀው።

እስከዚያው ጠዋትና ማታ እሷ ትስብለታለች። እኔ ግቢውን አሻግሬው በር ላይ እቆማለሁ። አዎ፣ አሁንም ይቆረቁረኛል።

ጥር 21

ወርቄ ከገጠር ተመለሰች። "በይ እንመዝገብ" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አዘነችብኝ መሰለኝ፣ ግን "ሂጂ" አለችኝ።

ወደ ሀሚዳ በር ሄጄ ቆምኩ። ከገባሁ ዕድሜ ልኬን ይህችን ሴት በር ለበር ላያት ነው። እጇን፣ ደግነቷን፣ ባሌ ለሷ ቀድሞ የነገራትን። ካልገባሁ ደግሞ አንድ ቀን እኔ ታምሜ ወይ ልጄ ጋ ሄጄ፣ እሱ መስኮት ሥር ብቻውን መርፌ ይስባል።

"ሀሚዳ፣ ነይ እንመዝገብ" አልኳት።

"ከኔ ጋር?" አለችኝ።

"ከሌላ ከማን ጋር?" ብዬ ተቆጣኋት። እጅ ለእጅ ሳይሆን ፊትና ኋላ ሆነን ሄድን። መዝጋቢው "ዝምድና አላችሁ?" ቢለን ተያየን። "ጎረቤት" አለች እሷ።

የካቲት 8

ዕጣው ወጣ። ጀሞ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በር ለበር።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ወጋሁት። "እ!" አለ። አመመህ ስለው "የሀሚዳ እጅ ይቀላል" አለኝ። ጥጉን ይዤ ሳለቅስ ዋልኩ ብል አላጋነንኩም።

መጋቢት 19

ልደታ ሰፈርን ለቀቅን። ግቢውን ዞር ብዬ አላየሁትም። ሁለቱን ፍሪጆች አንድ መኪና ላይ ጫንን። ቶሌሳ የስፌት መኪናውን ልሽጠው ቢል እምቢ አልኩ።

ሚያዝያ 11

ደረጃውን ለምዶታል፤ በእግሩ እየቆጠረ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ብሎኩን ይዞራል፤ ሐኪሙ ያዘዘው ነው። ስኳሩ ወርዷል። እግሩን የማየው እኔ ነኝ፣ በባትሪ። እግሩ ሥር ጎንበስ ስል ወገቤ ይንቋቋል። ሥራውን ግን ለሀሚዳ መልሼ አልሰጣትም።

ሚያዝያ 20

ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሀሚዳ ናት፤ ብልቃጧን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች። ገብታ ተቀመጠች። የምታወራው ከፋይዛ ጀምሮ እስከ መብራት ክፍያ ሄደ። መጨረሻ ላይ "እትዬ፣ ለኔም ጨለም እያለብኝ ነው። መስመሩ ሁለት ይሆንብኛል" አለችኝ።

ኅዳር ላይ ብሰማው ምን እል ነበር? ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ። ዛሬ እጇን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። ረቡዕ የዓይን ሐኪም ጋ እወስድሻለሁ፣ አንቺ እንደሱ አትደብቂም አልኳት። መስመሩን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ቀስ ብዬም ወጋኋት።

ግንቦት 2

አሁን ሁለት ሰው ነው የምወጋው። መጀመሪያ ሀሚዳን፣ ምክንያቱም እሷ ቀድማ ትመጣለች፤ ቀጥሎ ቶሌሳን። ረቡዕ ረቡዕ ሦስታችን እንሄዳለን። ብርቱካኗን ለሦስት እንካፈላለን።

ዛሬ ሀሚዳን ወግቼ፣ ከፋይዛ የመጣውን ወሬ ተጨዋውተን፣ ሻይዋን ጠጥታ ከወጣች በኋላ ቶሌሳ ሸሚዙን ገልጦ መጠበቅ ሰልችቶት አገኘሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

"ለሷ ቀስ ትያለሽ" አለኝ። "ታዋሪያታለሽ፣ ትስቂላታለሽ። እኔ ጋ ስትደርሺ ግን እንደ አሮጌ ጨርቅ ወጋ አድርገሽ ትሄጃለሽ።"

መርፌውን ይዤ ቆምኩ። ፊቱን አየሁት። ቀንቷል። የኔ ባል ቀንቷል!

ሻዩን አሞቅኩለትና፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ መስመሩን ከወትሮው በተለየ ጮክ ብዬ ሁለቴ አነበብኩለት።